የገበያ ቀን ስሌት በፋይሰል፦ ርካሽ ዋጋ ርካሽ የሚሆነው መቼ ነው?

የግብፅ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2024 የአገሪቱ ገንዘብ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ፣ በ31 ፓውንድ ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 50 ፓውንድ ተጠጋ። ውሳኔው የተላለፈው በባንክ ነው፤ ሒሳቡ የተከፈለው ግን በዘይት ጠርሙስ፣ በዶሮ ኪሎና በልጆች ጫማ ላይ ነው። ከጊዛ መኻል ተነሥቶ ወደ ፒራሚዶቹ በሚዘረጋው የፋይሰል ጎዳናና በግራ ቀኙ በተጠጋጉት ሰፈሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሱዳናውያን ቤተሰቦች፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ገበያ መውጣት የዘወትር የቤት ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የቤተሰቡን ወር የሚወስነው ጉዳይ እርሱ ሆኗል።

በፋይሰል ለአዲስ መጤ ከሚሰጡ ምክሮች መካከል የመጀመሪያው «ዕቃ ከሰፈር አትግዛ፣ ዓተባ ውረድ» የሚለው ነው። ምክሩ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። በሰፊና በተጨናነቀ ከተማ ውስጥ ርካሽ ገበያ በራሱ ርካሽ አይደለም። ርካሽ የሚያደርገው በታቀደ ቀን፣ በቂ መጠን ለመግዛት የሚያስችል ገንዘብ ይዞ፣ ከተቻለም ከጎረቤት ጋር ተባብሮ መውረድ ነው። ይህ ሳይሟላ የሚደረግ ጉዞ ገንዘብን ከባለሱቅ ኪስ አውጥቶ ወደ ሾፌር ኪስ ከማዛወር አያልፍም።

ግሽበቱ ሲረግብ ዋጋው አይመለስም

በመጀመሪያ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ማጥራት ይገባል። በግብፅ ከተሞች ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት በሴፕቴምበር 2023 ወደ 38 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ 12.8 በመቶ መሆኑ ተነግሯል። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ኑሮው ለምን አልቀለለም?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱ ግሽበት የሚለካው የጭማሪውን ፍጥነት እንጂ የዋጋውን ከፍታ አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ 100 ፓውንድ የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት 38 በመቶ ቢጨምር 138 ፓውንድ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጭማሪው ወደ 12.8 በመቶ ቢወርድም፣ ዕቃው 156 ፓውንድ ገደማ ይደርሳል። ፍጥነቱ ቀነሰ እንጂ መንገዱ ወደ ኋላ አልተመለሰም።

ከዚህ ሌላ የጉዞው ዋጋ ራሱ ጨምሯል። የናፍጣ ዋጋ በኤፕሪል 2025 በሊትር ከ13.50 ወደ 15.50 ፓውንድ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ደግሞ ወደ 17.50 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ናፍጣ ሲወደድ አትክልት የሚያመጣው የጭነት መኪናም፣ ገዢውን የሚያመላልሰው ሚኒባስም ይወደዳል። ስለዚህ ሸማቹ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ በዕቃው ውስጥ፣ አንድ ጊዜ በመንገድ ላይ።

የውጭ ዜጋ የሆነው የፋይሰል ነዋሪ ደግሞ አንድ መከለያ ይጎድለዋል። መንግሥት የሚደጉመው ባለዲ ዳቦ ከጁን 2024 ጀምሮ ከ5 ወደ 20 ፒያስተር ከፍ ቢልም፣ ለግብፃዊው ድሀ አሁንም ትልቅ እፎይታ ነው። ይህ ዳቦና ሌላው የድጎማ ሸቀጥ የሚሰጠው ግን በራሽን ካርድ ነው። ካርዱ የሌለው ስደተኛ ዳቦውንም፣ ስኳሩንም፣ ዘይቱንም የሚገዛው በነፃው ገበያ ዋጋ ነው። ከኢትዮጵያ ድጋፍ የሚጠብቅ ካለ ደግሞ፣ ብርም በጁላይ 29 ቀን 2024 ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ መዝለሉን ያውቃል። በሁለቱም ጫፍ የቀጠነውን ገመድ ማጠንከሪያው የቤተሰቡ የወጪ ጥበብ ብቻ ሆኗል።

ሰፈሩና ገበያው

ፋይሰል ስሙን ያገኘው ከሳዑዲ ዐረቢያው ንጉሥ ፈይሰል ቢን ዐብዱልዓዚዝ ነው። ጎዳናው ከሀረም ጎዳና ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። በሀረም ጎዳና ሥር የሚያልፈው አራተኛው የሜትሮ መሥመር ግንባታ መንገዱን ባጠበበበት ወቅት የተሽከርካሪው ጫና ወደ ፋይሰል ተገፍቷል። በዚህ ላይ ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጀምሮ በሱዳን የተነሣው ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሱዳናውያንን ወደ ግብፅ አሰድዷል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ማረፊያቸውን ያደረጉት ፋይሰልን ነው። የቤት ኪራይ ተወደደ፤ ነገር ግን የሱዳን ቅመማ ቅመም፣ የማሽላ ዱቄትና የሥጋ መሸጫዎች በየመንገዱ ተከፈቱ። ለአበሻ ማዕድ ቅርብ የሆነ ሸቀጥ ፍለጋ ቀድሞ ከተማ ያቋርጥ የነበረ ሰው፣ ዛሬ በጣልቢያ ወይም በመርዩጢያ አካባቢ በእግሩ ሄዶ ሊያገኘው ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የዕቅድ ሥራ ዕቃውን በሦስት መክፈል ነው። በቶሎ የሚበላሸው፣ ማለትም ቲማቲሙ፣ ቅጠላ ቅጠሉ፣ ወተቱና ዳቦው፣ ከሰፈር ይገዛል፤ ለእነዚህ ሩቅ መሄድ ትርፍ የለውም። ለሳምንት ወይም ለወር የሚቆየው ሩዝ፣ ምስር፣ ዱቄት፣ ዘይትና ሽንኩርት ከሰፈሩ ጅምላ ሻጭ ወይም በዶቂ ካለው የሱለይማን ጎሀር ገበያ ሊገዛ ይችላል። ልብስ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃ፣ የአልጋ ልብስና የትምህርት ቤት ቁሳቁስ ግን የዓተባ፣ የሙስኪና የጎሪያ ጉዳይ ነው፤ ያገለገለ ልብስ የሚፈልግም ቡላቅ ያለው ወካለት አል-በለሕ አለለት። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዘንቢል ለመጠቅለል የሚሞክር ሰው፣ ሲመሽ ቲማቲሙን በጫማ ካርቶን ሥር ጨፍልቆ ይመለሳል።

የመንገዱ ሒሳብ

ከፋይሰል ሜትሮ ጣቢያ ተነሥቶ በሁለተኛው መሥመር ዓተባ ለመድረስ ሰባት ጣቢያዎች መጓዝ ይበቃል፦ ካይሮ ዩኒቨርሲቲ፣ ቡሑስ፣ ዶቂ፣ ኦፔራ፣ ሳዳት፣ ሙሐመድ ነጊብ፣ ከዚያም ዓተባ። በኦገስት 2024 በወጣው ታሪፍ እስከ ዘጠኝ ጣቢያ የሚከፈለው 8 ፓውንድ ነበር፤ ደርሶ መልስ 16 ፓውንድ። ይህ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ከሚቆመው ሚኒባስ ይልቅ ጊዜውም ዋጋውም አስቀድሞ የሚታወቅ ጉዞ ነው። ችግሩ ሜትሮው የሚቆመው በጎዳናው ጫፍ መሆኑ ነው። ወደ መርዩጢያ ገባ ብሎ የሚኖረው ሰው እስከ ጣቢያው በሚኒባስ፣ ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ ደግሞ ግብፃውያን ቶክቶክ በሚሉት ባጃጅ መጓዝ ይኖርበታል።

ሙሉው የደርሶ መልስ ጉዞ በምሳሌ 50 ፓውንድ ፈጀ እንበል። በሰፈሩና በሩቁ ገበያ መካከል ያለው ልዩነት በኪሎ 5 ፓውንድ ቢሆን፣ 10 ኪሎ ያልገዛ ሰው አንዲት ፒያስተር አላተረፈም፤ ጊዜውንና ጉልበቱን ግን ከፍሏል። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ደግሞ የግማሽ ቀን ደመወዙንም በወጪው ላይ መጨመር አለበት። በአንጻሩ የአራት ልጆች የዒድ ልብስ የሚገዛ ቤተሰብ በእያንዳንዱ ልብስ 60 ፓውንድ ቢተርፍለት፣ የጉዞውን ወጪ አውጥቶ 190 ፓውንድ ይዞ ይመለሳል። ልዩነቱ ያለው ገበያው ላይ አይደለም፤ በምን ተነሥቶ፣ ምን ሊገዛ እንደሄደ ላይ ነው። በዚህ ስሌት፣ በወር ውስጥ ሦስት ጊዜ «ረስቼው ነበር» እያለ ዓተባ የሚመላለስ ሰው 150 ፓውንድ ለመርሳት ከፍሏል ማለት ነው።

ቀኑን መምረጥም ገንዘብ ነው። በሙስኪና በኻን አል-ኸሊሊ አካባቢ ብዙዎቹ ሱቆች እሑድ ይዘጋሉ። ዓርብ እስከ ጁምዓ ሶላት ድረስ ገበያው ይተኛል፤ ከሶላት በኋላ ግን ሰው ይግተለተላል። ሐሙስ ማታ ከሥራ የወጣው ሁሉ የሚወርድበት ሰዓት ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ረፋዱ ላይ የወረደ ሰው ባለሱቁን በእርጋታ ያገኘዋል፤ ገና ሸክም ያልበዛበት ሻጭ ለድርድርም ልቡ ክፍት ነው። ሴቶች ብቻቸውን ሲጓዙ በእያንዳንዱ የሜትሮ ባቡር መኻል ላይ ለሴቶች የተለዩ ፉርጎዎች መኖራቸውን ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

የጉዞው ቅደም ተከተልም ቀላል ሥርዓት አለው። ከዓተባ ተነሥቶ በሙስኪ በኩል እስከ ጎሪያና አል-አዝሀር ድረስ ባዶ እጅን እየሄዱ ዋጋ መጠየቅ፤ ከዚያ ወደ ሜትሮው ሲመለሱ መግዛት። ቀላሉ ዕቃ አስቀድሞ፣ ከባዱ በመጨረሻ፣ ለጣቢያው ቅርብ ከሆነው ሱቅ። የሚገዛው ዝርዝር በዐረብኛ፣ ከመጠኑና ሊከፈል ከታሰበው ከፍተኛ ዋጋ ጋር ተጽፎ ቢያዝ፣ ቋንቋው ገና ላልተፈታለት ሰው አንደበት ይሆንለታል፤ በድርድር ሙቀት ከታሰበው በላይ ከመክፈልም ይጠብቀዋል። የመኖሪያ ፈቃድን ወይም የስደተኛ ካርድን ይዞ መውጣትም የዕቅዱ ክፍል ነው። ሰነዱ ያልታደሰለት ሰው ከሰፈሩ መራቅን ስለሚፈራ ሁልጊዜ የቅርቡን ውድ ዋጋ ይከፍላል፤ የሰነድ ጉዳይ የማዕድ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ደረሰኝ ያለው ገዢ

ብዙዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር የግብፅ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ ማለትም የ2018 ሕግ ቁጥር 181፣ ገዢን የሚጠብቀው በዜግነቱ ሳይሆን በገዢነቱ መሆኑን ነው። ሻጭ ዋጋውን በግልጽ ማሳየት፣ ሲጠየቅም ደረሰኝ መስጠት አለበት። ዕቃው ያልተበላሸና እንደነበረ ያለ ከሆነ ገዢው በ14 ቀናት ውስጥ መመለስ ወይም መለወጥ ይችላል፤ ጉድለት ከተገኘበት ጊዜው እስከ 30 ቀናት ይደርሳል። በቶሎ የሚበላሹ ሸቀጦችና በልክ የተሠሩ ዕቃዎች ከ14 ቀናቱ መብት ውጭ ናቸው። አቤቱታ የሚቀርብበት የሸማቾች ጥበቃ ተቋም የስልክ መሥመርም 19588 ነው።

እርግጥ ነው፣ በመንገድ ዳር ጨርቅ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ደረሰኝ አይሰጥም። እዚህ ላይ ሸማቹ ምርጫ አለው፦ ካልሲና ሻሽ ከመንገድ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ማቀዝቀዣ ግን ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ። በጥቂት ፓውንድ ቅናሽ ደረሰኙን የሸጠ ሰው፣ ዕቃው በሳምንቱ ሲቃጠል ሙሉውን ዋጋ ያጣል።

ቅርጫ ለበሬ ብቻ ለምን ይሆናል?

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ከላይ የተዘረዘረው ዕቅድ ሁሉ አንድ መሰናክል አለበት። በብዛት መግዛት የሚችለው በቅድሚያ ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ጅምላ የምንለው ቃል ከዐረብኛው ጋር አንድ ነው፤ የካይሮ ነጋዴ «ጎምላ» ይለዋል። ደርዘንን ደግሞ «ደስታ» ብሎ ይጠራዋል፤ ነገር ግን ይህ ደስታ አንድ ሸሚዝ ብቻ ለሚፈልግ ሰው አይደርሰውም። የ25 ኪሎ ሩዝ ጆንያ በኪሎ ሲሰላ ይረክሳል፤ በዕለት ገቢው የሚኖር ሰው ግን ጆንያውን የሚገዛበት ገንዘብ በአንድ ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ በግማሽ ኪሎ፣ በሩብ ኪሎ እየገዛ በወሩ መጨረሻ ከባለሀብቱ የበለጠ ዋጋ ከፍሎ ይገኛል። ድሀ ውድ ይገዛል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስንፍናም አላዋቂነትም የለበትም።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ከእኛው ጓዳ ይገኛል። በአገራችን ጎረቤታሞች በዓል ሲደርስ ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋውንም በመደብ ይከፋፈሉታል፤ ቅርጫ ይባላል። በኡድሒያም ቢሆን ሰባት ሰዎች በአንድ ከብት መጋራት እንደሚችሉ ሙስሊሙ ያውቃል። በሬን የተካፈለ ጎረቤት ሩዝን፣ ዘይትንና ምስርን ለመካፈል ምን ያግደዋል? አራት ቤተሰቦች በየፊናቸው ቢወርዱ በላይኛው ምሳሌ 200 ፓውንድ ለመንገድ ያወጣሉ። ሁለት ሰዎች ለአራቱም ቢወርዱ 100 ፓውንድ ይበቃል፤ ለአንድ ቤተሰብ 25 ይደርሰዋል። ሲመለሱ ለጭነት መኪና ቢከፍሉ እንኳ ክፍያው ለአራት ይካፈላል፤ በዚያ ላይ የጅምላው ዋጋ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት አበው ይህንኑ ነው።

መነሻ ገንዘቡም ከዕቁብ ሊገኝ ይችላል። ግብፃውያን ጎረቤቶቻችን «ጋምዒያ» የሚሉት ልማድ ከዕቁብ ጋር አንድ ነው፤ አባላት በየወሩ ያዋጣሉ፣ በተራም ያነሣሉ፣ ወለድ የለበትም። ተራው ከረመዷን ወይም ከትምህርት ቤት መክፈቻ በፊት እንዲደርስ ከተደረገ ቤተሰቡ ገበያ የሚወጣው ዋጋ ከመናሩ በፊት ይሆናል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ምን ዕቃ በስንት እንደተገዛ በጽሑፍ ይያዝ፤ ሁለት ምስክር ይኑር። ብድርንና ውልን መጻፍ ቁርኣን ያዘዘው ጉዳይ ነው፤ በመተማመን ስም መዝገብን መተው ብዙ ወዳጅነትን አፍርሷል።

የሰፈሩን ትንሽ ሱቅ ጨርሶ መተውም ብልኅነት አይደለም። ደመወዝ ሲዘገይ በዱቤ የሚሰጠው፣ ልጅ ሲታመም ማታ በር የሚከፍተው እርሱ ነው። በኪሎ የጨመረው ጥቂት ፓውንድ የዚያ ዋስትና ዋጋ ሊሆን ይችላል። ዕቅድ ማለት ሁሉን ነገር ከሩቅ መግዛት አይደለም፤ የትኛው ከየት እንደሚገዛ መለየት ነው።

የቆየ ጉዳይ

ኢትዮጵያዊው ሙስሊም በካይሮ ተባብሮ መኖርን ዛሬ አልጀመረውም። በአል-አዝሀር የጀበርቲ ሪዋቅ ለዘመናት ከሐበሻ ምድር የሄዱ ደረሶች በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠልለው፣ የወቅፍ ድርሻቸውን ተካፍለው የተማሩበት ነው። ከዚያ ቤተሰብ የወጣው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) ከግብፅ ታላላቅ የታሪክ ጸሐፊዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ከእርሱ በፊት የነበረው አል-መቅሪዚ (1364–1442) ደግሞ በ1399 የካይሮ ሙሕተሲብ፣ ማለትም የገበያው ሚዛንና ዋጋ ተቆጣጣሪ፣ ሆኖ ተሾሞ ነበር። ይህ ሰው ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት መጽሐፍ ጽፏል፤ በግብፅ ስለደረሰው ረኀብና የዋጋ መናርም ሌላ መጽሐፍ አለው። በዚያኛው መጽሐፉ ለችግሩ መነሻ ያደረገው የዓባይን መጉደል ብቻ አልነበረም፤ የአስተዳደር ብልሹነትን፣ የመሬት ኪራይ መናርንና የመዳብ ሳንቲም መብዛትን ጭምር ነው። ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው ይህ ትንተና የገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ጥሪት የሌለው ሸማች መሆኑን ዛሬም ያስታውሰናል።

በእርግጥ የቤተሰብ ዕቅድ የምንዛሪ ተመንን አይመልስም፤ የስደተኛን ደመወዝም አይጨምርም። ከመንግሥት የሚጠበቀውን መንግሥት ማድረግ አለበት። የግብፅ የአቅርቦት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያዘጋጃቸው «አህለን ረመዷን» የሽያጭ ድንኳኖችና በየሰፈሩ የሚያዞራቸው «የአንድ ቀን ገበያዎች» ራሽን ካርድ የማይጠይቁ በመሆናቸው ለውጭ ዜጋም ክፍት ናቸው። ብዙው ወገናችን ግን የት እንደሚቆሙ የሚሰማው ከተነሡ በኋላ ነው። የማኅበረሰቡ ማኅበራትና የመስጊድ ጀማዓዎች እነዚህን ቀናትና ቦታዎች ወደ አማርኛ መልሰው አስቀድመው ቢያሳውቁ፣ ያለ አንዳች ወጪ ለብዙ ቤት እፎይታ ይሆናል።

የረመዷን ሸመታ ሻዕባን ሳይገባ ሊጀመር ይገባዋል። ቴምሩ፣ የሳምቡሳው ምስር፣ የሾርባው እህልና ዱቄቱ የሚቆዩ ናቸው። የዒዱ ልብስ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች በሙስኪ ግፊያ ውስጥ መገዛት የለበትም፤ እነዚያ ሌሊቶች የገበያ አይደሉም። ከማባከንም ከመንፈግም ርቆ በመካከል ማውጣት የአማኝ ባሕርይ መሆኑን እምነታችን ያስተምራል። በፋይሰል ይህ ባሕርይ የሚገለጸው አራት ጎረቤታሞች ሰብሰብ ብለው፣ ዝርዝራቸውን ጽፈው፣ ሁለት ሰው መርጠው በማክሰኞ ረፋድ ወደ ዓተባ በመላክ ነው።